አስከሬኑ ደጅ፣ ሻንጣው መኝታ ቤት

ለዚህ ሳምንት ስለ ፀጉር መነቃቀል ልናወጋችሁ ተዘጋጅተን ነበር። ሆኖም አንዲት አዲስ አበባ የምትኖር አንባቢያችን የላከችልን ደብዳቤ ፀጉሩን ለሌላ ጊዜ አስቀመጠው። ስሟንም ሰፈሯንም አንጠቅስም፤ እሷም አደራ ብላናለች። ደብዳቤው ረዘም ስለሚል ዋና ዋናውን ቆንጥረን እነሆ፦

‹‹ወንድሜ የሚሠራው ሸርቆሌ ነበር፣ ከስደተኞች መጠለያው ጋር በተያያዘ ሥራ። ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው። በሞተር ብስክሌት ሲሄድ ተገልብጦ አረፈ። አስከሬኑ አዲስ አበባ የደረሰው በሦስተኛው ቀን ነው። የዚያን አገር ሙቀት ታውቁታላችሁ፤ ሳጥኑ ገና ከመኪናው ሳይወርድ ጠረኑ ግቢውን ሞላው። ይኼኔ አንድ የሰፈር ሽማግሌ ‹ይሄ እቤት ከገባ ሁላችሁንም ይጨርሳል፣ ሕፃናት አሉ!› አሉ። ሰው ሁሉ በነጠላው አፍንጫውን ይዞ ወደ ኋላው አለ። ሳጥኑ ደጅ ላይ ሩብ ሰዓት ሳይቆይ በቀጥታ ወደ ቤተ ክርስቲያን ተወሰደ። እናቴ ልትነካው ስትንደረደር ሁለት ሰዎች ይዘው አስቀሯት። እስካሁን ‹ልጄን ሳልሰናበተው እንደ በሽታ አሽቀንጥሬ ጣልኩት› እያለች ታለቅሳለች።

‹‹ከሁለት ሳምንት በኋላ ጓደኞቹ ሻንጣውንና ጋቢውን ላኩልን። እናቴ አልጋዋ ሥር አስቀመጠችው። ለአርባው ስንከፍተው ከልብሱ መሐል የደረቀች አይጥና ዓይነ ምድሯ፣ የተቀዳደደም ወረቀት አገኘን። ጋቢውን እዚያው መኝታ ቤት አራገፍኩት። አይጧን በወረቀት ይዤ ቆሻሻ መጣያ ከተትኳት። በዚህ ጊዜ ማንም ምንም አላለም! አሁን አክስቴ ሁሉም ይቃጠል ትላለች፤ እናቴ ደግሞ ጋቢውን አቅፋው ነው የምትተኛው። እኔ የስምንት ወር ልጅ አለችኝ። የወንድሜ አስከሬን እውነት ሊያሳምመን ይችል ነበር? ጋቢውንስ እናቃጥለው?››

እህታችን፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። መልሱን ሳናንዛዛ እንንገርሽ። በአደጋ የሞተው ወንድምሽ አስከሬን እቤት ቢገባ ኖሮ ሕፃኗንም ሆነ ሌላውን ሰው አያሳምምም ነበር። እናትሽ ሳጥኑን አቅፋ ብታለቅስ ምንም አትሆንም ነበር። ከሁለቱ ይልቅ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ከአልጋው ሥር የተቀመጠው ሻንጣ ነበር። ጋቢው ግን አይቃጠልም። አጸዳዱን ወረድ ብለን እንነግርሻለን።

ሽማግሌውን አንፍረድባቸው። በእኛ አገር መጥፎ ጠረን በራሱ በሽታ ነው ተብሎ ሲታመን የኖረ ነው። መጋኛ የምንለው ምንድነው? ቆሻሻ ቦታ ላይ፣ የሞተ ነገር ባለበት ድንገት ‹‹ይመታል›› የሚባለው ነገር አይደል? ምች ሲባልም ከዚያው ቤት ነው። ለዚህ ነው ቀብር የሚሄድ ሰው ጤና አዳም ከኪሱ የማይጠፋው። ፈረንጆቹም ቢሆኑ ለብዙ መቶ ዓመት እንዲሁ ነበሩ፤ ‹‹ማላሪያ›› የሚለው ስም ራሱ በጣሊያንኛ ‹‹መጥፎ አየር›› ማለት ነው። በኋላ ትንኟ ስትያዝ አየሩ ነፃ ወጣ።

አስከሬን ለምን ይሸታል? ሰው ሲሞት በሕይወት ሳለ አንጀቱ ውስጥ ሲኖሩ የነበሩት ባክቴሪያዎች ከልካይ ያጣሉ። ሥጋውን መሰባበር ይጀምራሉ፤ በዚህም ጋዝ ይፈጠራል። ፑትረሲንና ካዳቨሪን የሚባሉት ቅመሞች ናቸው ያን የማይረሳ ጠረን የሚሰጡት። ሙቀት ደግሞ ሥራውን ያፋጥነዋል። አሶሳ ከአዲስ አበባ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ሸርቆሌ ከዚያም አልፎ ወደ ሱዳን ድንበር ነው። በረዶም ፎርማሊንም ሳይኖር በዚያ ቆላ ሦስት ቀን ከቆየ ጠረኑ የማይቀር ነው። ያቅለሸልሻል፣ ራስ ያሳምማል፣ አንዳንዱንም ያስመልሰዋል። ግን ተላላፊ በሽታ አይደለም። እነዚያ ባክቴሪያዎች እኮ በእኔም በአንቺም አንጀት ውስጥ አሁን አሉ።

በሽታ አምጪ ተሕዋስያን ደግሞ በአብዛኛው ሕያው አካል ይፈልጋሉ። ሰውየው ሲሞትና ሲቀዘቅዝ አብዛኞቹ ብዙ አይቆዩም። ደግሞስ አስከሬን አያስል፣ አያስነጥስ። በሞተር አደጋ የሞተ ጤነኛ ወጣት ከመሞቱ በፊት ያልነበረበት ወረርሽኝ ከሞተ በኋላ ከየት ይመጣበታል?

እርግጥ አስከሬኑን በእጃቸው የሚይዙ ሰዎች ነገር ለየት ይላል። ገናዦች፣ የሙስሊም ወገኖቻችንን አስከሬን የሚያጥቡ ሰዎች፣ የሆስፒታል ሠራተኞች ከደም፣ ከሰገራና ከሚወጣው ፈሳሽ ጋር ይነካካሉ። የጉበት ቫይረሶች፣ ኤች.አይ.ቪ. እና የተቅማጥ ተሕዋስያን ለጊዜው እዚያ ሊገኙ ይችላሉ። የሳምባ ነቀርሳ የነበረበት ሰው ደግሞ ሲገላበጥ በሳምባው የቀረው አየር ሊወጣ ይችላል። ለነዚህ ሰዎች ጓንት፣ ሽርጥ፣ ከዚያም በሳሙና በደንብ መታጠብ ግዴታ ነው። እጃቸው ላይ ቁስል ካለ ሌላ ሰው ይተካቸው። ሳጥን የሚሸከም፣ አጠገቡ ቆሞ የሚያለቅስ፣ ፍትሐት የሚያደርስ ግን ከዚህ አንዱም አያሰጋውም። አስከሬን ከሩቅ የምታስመጡ ሰዎች በሆስፒታል አዘጋጅታችሁ፣ ፈሳሽ በማያሳልፍ ላስቲክ ጠቅልላችሁ፣ የመኪናውን መስኮት ከፍታችሁ ተጓዙ። ዕጣን ማጨስ ጠረኑን ይሸፍናል እንጂ ምንም አይገድልም። ሰው የሚወደው ኖራ መነስነስም እንዲሁ ነው፤ ጥቅሙ እምብዛም ነው።

ይሄ የእኛ ሰፈር ወሬ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2023 መስከረም ወር በሊቢያ ዴርና ከተማ ግድብ ተደርምሶ ሺዎች ሲያልቁ፣ ባለሥልጣናቱ ‹‹ወረርሽኝ ይመጣል›› በሚል ስጋት አስከሬኖቹን በጅምላ መቅበር ያዙ። የዓለም ጤና ድርጅትና የቀይ መስቀል ድርጅቶች በአንድ ላይ ‹‹እባካችሁ አቁሙ›› አሉ። በአደጋ የሞተ ሰው አስከሬን ወረርሽኝ አያስነሳም፤ ማንነቱ ሳይታወቅ በጅምላ የተቀበረ ሰው ቤተሰብ ግን ዕድሜ ልኩን ይፈልገዋል፣ ሞቱን የሚያስረዳበት ወረቀት ያጣል፣ ውርሱም ይጣፋል። አስከሬን ሊያበላሽ የሚችለው የመጠጥ ውሃን ነው፤ ምንጭ ወይም ጉድጓድ ውስጥ ከገባ ያ ውሃ አይጠጣ።

የእኛንም አገር እንይ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የድሬዳዋ ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ጨረሰ። በመጋቢት 2009 ዓ.ም. አዲስ አበባ ቆሼ ላይ የቆሻሻው ክምር ተደርምሶ ከ100 በላይ ሰዎች ሞቱ። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ ተራራው ተንሸራቶ ከ200 በላይ ሰው ቀበረ፤ ሕዝቡም በዶማና በእጁ ጭቃውን እየቧጠጠ አስከሬን ሲያወጣ ሁላችንም በፎቶግራፍ አይተናል። እዚያ ከሞቱት ብዙዎቹ የመጀመሪያውን ናዳ ሰምተው ለመርዳት የሮጡ ናቸው፤ ሁለተኛው ናዳ መጣባቸው። የገደላቸው አስከሬን ሳይሆን አፈሩ ነው። ከእንዲህ ያለ መከራ በኋላ የሚያሰጋው ከሞት የተረፈው ሰው ነው፤ በአንድ አዳራሽ ታጭቆ፣ ሽንት ቤት አጥቶ፣ ያልተጣራ ውሃ ሲጠጣ።

ቆይ ግን! ‹‹ጋዜጣው አስከሬን ሁሉ ይታቀፍ ብሏል›› እንዳትሉን። ዋናው ጥያቄ ‹‹ይሸታል ወይ?›› ሳይሆን ‹‹በምን ሞተ?›› የሚለው ነው። የማይሸት፣ ገና ትኩስ የሆነ፣ ያማረ አስከሬን ሊገድል የሚችልበት ጊዜ አለ። በምዕራብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. ከ2014 እስከ 2016 ከ11 ሺህ በላይ ሰው የፈጀው ኢቦላ ከተዛመተባቸው መንገዶች አንዱ ቀብር ነበር፤ ዘመድ አስከሬን ሲያጥብና ሲስም ተያዘ። የኢቦላ ዘመድ የሆነው ማርበርግ ደግሞ በኅዳር 2018 ዓ.ም. ጂንካ ላይ መገኘቱ ሲረጋገጥ ለአገራችን የመጀመሪያው ነበር። በእነዚህ በሽታዎች የሞተን ሰው አስከሬን የሠለጠኑ ሰዎች ብቻ ናቸው የሚነኩት፤ እዚህ ላይ ‹‹ልጄን ልሰናበት›› የለም፣ ከሩቅ ነው። በኮሌራ የሞተም በክሎሪን ተጠርጎ ቶሎ ይቀበራል፤ አጣቢው ሳይታጠብ የለቅሶ ወጥ መንካት የለበትም። የጤና ባለሙያ ‹‹አትንኩ›› ካለ አትንኩ። ይሄ ሁሉ ግን ከወንድምሽ ሞት ጋር አይገናኝም።

አንድ ሌላ አለ፣ አያቶቻችን ጠንቅቀው የሚያውቁት፤ ቅማል። ተስቦና ግርሻ በልብስ ቅማል ነው የሚተላለፉት። ቅማል የሞቀ ገላ ይወዳል። ሰውየው ሞቶ ሲቀዘቅዝ አልባሱን ትቶ ሌላ የሞቀ ሰው ፍለጋ ይወጣል። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ በካምፕ በተሰበሰቡት የቀድሞ ወታደሮች መካከል ግርሻ የተቀጣጠለው ተጨናንቀው ስለተኙና ልብስ መቀየሪያ ስላልነበራቸው ነው። አስከሬኑ ምንም አላደረገም፤ ትቶት የሄደው ተባይ ነው ሥራውን የሠራው።

አሁን ወደ አይጧ እንምጣ፤ ነገሩ አንድ ነው። አይጥ ስትሞት ደሟ ይቀዘቅዛል፣ ቁንጫዎቿም ቤት ይለቃሉ። በጥንት ዘመን ዓለምን ያራቆተው የወረርሽኝ ቸነፈር እንዲህ ነው የተጀመረው፤ መጀመሪያ አይጦች በየጥጋጥጉ ይሞታሉ፣ ከዚያ ቁንጫው ወደ ሰው ይዞራል። ‹‹የጥንት ነው›› ብላችሁ አትለፉት። ማዳጋስካር እ.ኤ.አ. በ2017 በዚሁ ቸነፈር ወደ 2,400 ሰው ተይዞባት ከ200 በላይ ሞቶባታል። ስለዚህ አንድ ሰፈር ውስጥ መርዝ ሳይደረግ ብዙ አይጦች በአንድ ጊዜ ሞተው ከታዩ ለጤና ጣቢያ መናገር ነው እንጂ ‹‹እሰይ ተገላገልን›› አይባልም።

የአይጥ ቁንጫ ሌላ የተስቦ ዓይነትም ያስተላልፋል። ቁንጫው የጣለው ቆሻሻ ደርቆ አቧራ ውስጥ ይቆያል፤ በተቧጨረ ቆዳ ወይም በትንፋሽ ሊገባ ይችላል። የአይጥ ሽንት ደግሞ ሌፕቶስፓይራ የሚባል ባክቴሪያ አለው፤ ረጠብ ባለ ቦታና በውሃ ውስጥ ይቆያል፣ ሲደርቅ ግን ይሞታል። በደረቅ አቧራ የታወቀው ሃንታ ቫይረስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 በአሜሪካ ደቡብ ምዕራብ ጤነኛ ወጣቶች በድንገት ሳምባቸው ውሃ እየሞላ ሲሞቱ ሐኪሞቹ ግራ ገባቸው፤ በኋላ ሲጣራ የአይጥ ሽንትና ዓይነ ምድር ደርቆ፣ አቧራ ሆኖ ተንፍሰውት ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ደግሞ የአንድ ታላቅ የሆሊውድ ተዋናይ ባለቤት በዚሁ በሽታ መሞቷን ጋዜጦች ሁሉ ጽፈውታል፤ ከግቢው ውስጥ የአይጥ ጎጆ ተገኝቷል። ሚሊዮን ዶላር ከአይጥ አያድንም ማለት ነው! በአገራችንም ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 በትግራይ ተራሮች በሚኖሩ አይጦች ላይ አንድ የሃንታ ዓይነት ማግኘታቸውን አሳውቀዋል፤ እንደ አሜሪካው ሰው ሲገድል ግን አልታየም።

እህታችን፣ እዚህ ላይ እንዳትደነግጪ። አይጧ ደርቃ ነው ያገኛችኋት። ቁንጫ ከነበረባትም ከሄደ ቆይቷል። ያንቺ ስህተት ከተባለ አንድ ነው፤ ጋቢውን በተዘጋ ክፍል ውስጥ ማራገፍሽ። አቧራውን ሁሉ ወደ አፍንጫሽ አስነሣሽው። አደጋው ትንሽ ነው፣ ግን ከሳጥኑ አደጋ ይበልጣል።

እና ጋቢውስ? ሻንጣውን ወደ ውጭ፣ ፀሐይና ነፋስ ወዳለበት አውጡት። ሕፃኗ እንዳትቀርብ። የመኝታ ቤቱን በርና መስኮት ከፍታችሁ ግማሽ ሰዓት ያህል ተዉት። ጓንት ከሌለ እጅን በድርብ ፌስታል ሸፍኑ፤ አፍንጫና አፍንም ሸፈን አድርጉ። አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጣችሁ ዓይነ ምድሩ ያለበትን ወለልና የሻንጣውን ውስጥ አርጥቡት፤ አምስት ደቂቃ ጠብቁ፣ ከዚያ በጨርቅ ጥረጉት። በደረቁ መጥረጊያ መጥረግ ክልክል ነው! በረኪናውን ከሌላ የጽዳት ፈሳሽ ጋር አትቀላቅሉ፣ የሚያፍን ጋዝ ያወጣል። የጠረጋችሁበትን ጨርቅና ፍርስራሹን በድርብ ፌስታል ቋጥራችሁ ጣሉት።

ጋቢው በረኪና አይንካው፣ ጥለቱ ይለቃል። ሳታራግፉ እንዳለ በሙቅ ውሃና በሳሙና ዘፍዝፉት፣ እጠቡት፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ አስጡት። ቢቻል ሁለት ቀን። ከዚያ እናትሽ ትልበሰው። ፎቶግራፍና ወረቀቶቹን ለብዙ ሰዓት ፀሐይ ላይ ዘርጓቸው። ለአክስትሽ ይሄንን ጋዜጣ አንብቢላት። ለእናትሽም አንብቢላት፤ ‹‹ልጅሽ በሽታ አልነበረም›› ብለሽ በግልጽ ንገሪያት። የሰማንያውን ቀን መቃብሩ ላይ እንደልቧ ታልቅስ፣ ማንም አይያዛት።

ይህን ስንጽፍ ሸርቆሌና አሶሳ ያሉ ወጣት አንባቢዎቻችንም ትዝ አሉን። መጠለያው እ.ኤ.አ. በ1997 ከተቋቋመ ጀምሮ ስንቱ የከተማ ልጅ እዚያ ሄዶ ሠርቷል! ግድግዳው ሽመል፣ ጣራው ሣር በሆነ ቤት፣ ማሽላ ባለበት ጎረቤት አይጥ አይጠፋም። ልብሳችሁን አልጋ ሥር ባለ ጨርቅ ሻንጣ ሳይሆን ክዳኑ በሚገጥም ቆርቆሮ ሳጥን አስቀምጡ። እህል ከመሬት ከፍ ይበል። ለእረፍት ሄዳችሁ ስትመለሱ መጀመሪያ በር ከፍታችሁ ውጭ ቆዩ፣ ከዚያ አርጥባችሁ ጥረጉ።

የአዲስ አበባ ተከራዮች ችግር ደግሞ ኮርኒስ ነው። መርዝ ይደረጋል፣ አይጧ በልታ ወጥታ ኮርኒስ ውስጥ ትሞታለች፣ ሳምንት ሙሉ ቤቱ ይገማል። ጠረኑ ራሱ አያሳምምም፤ ይልቅ መርዙን ፍሩት። በየመንገዱ በብጣሽ ወረቀት ተጠቅልሎ የሚሸጠው ዱቄት ምን እንደሆነ ሻጩም አያውቀው። አንዳንዱ እርጥበት ወይም የሆድ አሲድ ሲነካው ፎስፊን የሚባል ገዳይ ጋዝ ያወጣል፤ ለጎተራ የሚደረገው የነቀዝ ክኒንም እንዲሁ ነው። ሰው በሚተኛበት ክፍል በፍጹም አይቀመጥ። ሕፃን ባለበት ቤት ወጥመድ ይሻላል፤ ወጥመዱ አይጧ የሞተችበትን ቦታም ያሳያችኋል። አይጧን በረኪና አርከፍክፋችሁ፣ እጃችሁን ሸፍናችሁ፣ በድርብ ፌስታል ቋጥራችሁ ጣሏት፤ ወይም ውሻ በማይቆፍርበት ጥልቀት ቅበሯት። ለድመቷ ‹‹እንኪ›› አይባልም፣ መርዙ ወደሷ ይሄዳል።

ወደ ጠያቂያችን ስንመለስ፣ ሻንጣው ከተከፈተ ጀምሮ እስከ ሁለት ወር ባለው ጊዜ ከእናንተ ማንም ሰው ድንገተኛ ትኩሳት፣ ከባድ የራስና የጡንቻ ሕመም፣ የዓይን መቅላት ወይም የትንፋሽ ማጠር ከተሰማው በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ። ሐኪሙ ጉንፋን ወይም ታይፎይድ ብሎ እንዳያልፈው ‹‹የአይጥ ቆሻሻ ነክቻለሁ›› ብሎ ይናገር። ሐኪሙ ይሄን ካልሰማ ከየት ያውቃል? አይጥ ወለድ የሆኑት ተስቦና ሌፕቶስፓይራ ቶሎ ከተደረሰባቸው በርካሽ መድኃኒት ይድናሉ፤ ግን ከፋርማሲ በግምት ገዝታችሁ አትዋጡ። ሸርቆሌ ቆይቶ የመጣ ሰው ከሆነ ደግሞ የመጀመሪያው ምርመራ የወባ ነው፤ ውጤቱ ነፃ ሆኖ ትኩሳቱ ካልወረደ የአይጡን ነገር ያን ጊዜ ደግሞ ያንሳው።